ቁልቁል የተሰካችው ርግብ

ያ ቤተሰብ ዙፋኑን ካጣ ሁለት ትውልድ አልፎታል። ቤተ መንግሥቱን መንግሥት ወሰደው፣ ፈረሶቹን ጦሩ ነዳቸው፣ ምንጣፎቹን ብል በላቸው። ኩራቱን ግን የሚፈልገው ሰው ስላልተገኘ እዚያው ቀረላቸው፤ ጣሪያው በሚያፈስ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ከነሙሉ ክብሩ ተቀምጧል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው እነሱን ታይቶ ሳይሆን አይቀርም።

ከኩራቱ ሌላ የቀረቻቸው ርግቧ ናት። ርግቧ የደረት ጌጥ ናት፤ ክንፏን የዘረጋች፣ በነጭ ወርቅ ላይ አልማዝ የተደረደረባት፣ ከሕፃን መዳፍ የማትበልጥ። ከመጀመሪያው ንጉሥ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣች ናት ይላሉ፤ ይህን ሲሉም ቀና ብለው ነው።

ርግቧ ጠባቂ አላት። በየትውልዱ ከቤቱ ሴት ልጆች አንዷ ትመረጥና የሳጥኑን ቁልፍ አንገቷ ላይ ታስራለች፤ የርግቧንም ታሪክ በቃሏ ታጠናለች። ታሪኩ አይጻፍም። የተጻፈ ነገር ለማንም አገልጋይ ዓይን ይጋለጣል ብለው ስለሚፈሩ ከአፍ ወደ አፍ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ሲተረክም ከዘር ውጭ የሆነ ሰው ክፍሉን ለቆ ይወጣል። ከዘር ውጭ ማለት ተጋብቶ የገባውንም ይጨምራል። እንዲያውም እንዲህ ያለው ሰው በዚያ ቤት ስሙ አይነሳም። በሕይወት ሳለ በስሙ አይጠራም፣ ሲሞት አይወራለትም፣ ፎቶግራፉ ከግድግዳ ይወርዳል።

የታላቅየዋ እህት ባል የሳሙና ፋብሪካ አለው። ጣሪያው በየክረምቱ የሚለጠፈው፣ የእናትየዋ መድኃኒት የሚገዛው፣ የታናሽ ወንድምየው ሲጋራ የሚጨሰው በሳሙና ነው። ሰውየው ግን ከሃያ አምስት ዓመት ጋብቻ በኋላም «እንግዳው» ነው። «እንግዳው መጣ?» «እንግዳው መብራቱን ከፈለ?» ይባባላሉ፣ በእሱ ሳሙና የታጠበ እጃቸውን እያፋተጉ።

የአሁኗ ጠባቂ መካከለኛዋ ልጅ ናት። ስድሳን ተሻግራለች። ቀጭን ናት፣ ፈጣን ናት፣ ምላሷ ሎሚ ነው። እናትየዋ ፎቅ ላይ አልጋ ይዛለች፤ አጠገቧ ደወል አለ፤ ደወሉ ሲጮህ የምትነሳው ጠባቂዋ ናት። እጇ ሊጥ ላይ ቢሆን፣ ጉርሻ አፏ ውስጥ ቢሆን፣ ጸሎት ላይ ብትሆን ትነሳለች። ታላቅየዋ እህት ጉልበቷን ያማታል። ታናሽየው ደግሞ አልጋ ወራሽ ነው። ዙፋኑ የለም፤ ወረስኩ የሚለው አልጋ ቢኖር እስከ ረፋድ የሚተኛበት ብቻ ነው።

ጠባቂዋ ይህን ሁሉ ትንቃለች። ከሁሉ ይልቅ የምትንቀው ግን ራሷ የምትተርከውን ታሪክ ነው። ምክንያቱም አስተማሪዋ የቀድሞዋ ጠባቂ፣ የእናቷ አክስት ነበረች፤ ሁልጊዜ ጥቁር የምትለብስ፣ ስትስቅ ድምፅ ሳታወጣ ትከሻዋ ብቻ የሚንቀጠቀጥ አሮጊት። አክስቲቱ እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ ነበር የምታስተምረው። መጀመሪያ ጮክ ብላ «የሚተረከው ይኸውልሽ» ትላለች። ቀጥላ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ «የሆነው ደግሞ ይኸውልሽ» ትላለች።

የሚተረከው፣ የመጀመሪያው ንጉሥ በስደት ሳለ ዋሻ ውስጥ ተኝቶ ርግብ መጥታ ትልቁን አልማዝ ደረቱ ላይ ጣለችለት የሚለው ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ንጉሡ ገና ሽፍታ ሳለ አንዲት ባልቴት አግኝቶ አልማዙ ያለበትን ቀለበቷን እንድታወልቅ አዘዛት። ጣቷ አብጦ ቀለበቱ አልወጣ ሲል ሊቆርጠው ቢላ መዘዘ። ባልቴቲቱ «ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል» ብላ ከቤቷ ሳሙና አመጣችለት። የዘውዱ ታሪክ የተጀመረው በሳሙና ነው፤ አሁንም የሚኖረው በሳሙና ነው።

ርግቧ የምትሰካው ደግሞ ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ ጭራዋ ወደ ላይ ሆኖ ነው። ሕዝቧን በርኅራኄ ቁልቁል ስለምታይ ነው ይባላል። የሆነው፣ በአንድ ታላቅ ግብዣ ቀን ዓይኗ የደከመ አልባሽ ገልብጣ ሰካቻት። ንግሥቲቱ አላየችም፤ ያዩት ሁሉ ደግሞ አፋቸውን ያዙ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፤ ንግሥት ሆይ ደረትዎ ላይ ያለችው ወፍ ተዘቅዝቃለች ማለትማ ከመክሰስም ይብሳል። በማግስቱ የመኳንንቱ ሚስቶች አበባቸውንም ቢራቢሯቸውንም ገልብጠው ሰክተው መጡ። ንግሥቲቱ ሁሉም እሷን እንደተከተሉ ስትሰማ ደስ አላት፤ ከዚያ ወዲህ ርግቧ ቀና ብላ አታውቅም።

የግራ ክንፏ ጫፍ ላይ አንድ ድንጋይ ይጎድላል። በድርቅ ዘመን ለድሆች የተሰጠ ነው ተብሎ ይተረካል። የሆነው ግን፣ ዙፋኑ የወደቀ ቀን ንግሥቲቱ ርግቧን በድንጋጤ ከደረቷ ስትነቅል ድንጋዩ ወለል ላይ ወደቀ፤ የንጉሡ ውሻ ዋጠው። ሕዝቡ በሩን እየሰበረ ሚኒስትሮቹ በአትክልቱ ቦታ ውሻውን ከኋላ ከኋላ ይከተሉ ነበር። ውሻው አጥር ዘሎ ጠፋ፤ ከመንግሥቱ ሰዎች ሁሉ ብልሁ እሱ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እነዚህ ግን ሲሾሙ በደንብ በልተዋል፤ እስከ ዛሬ የሚቆጫቸው ውሻው የበላው ነው።

እንግዲህ ጠባቂዋ ይህን ሁሉ እያወቀች፣ በየበዓሉና በየቀብሩ ቀጥ ብላ ቆማ ውሸቱን ታወርዳለች። አንዲት ነገር ብቻ ከልቧ ታምናለች፦ ጠባቂ አታገባም።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ሳለ የቤቱ የመጨረሻ ፈረስ ታመመና የከብት ሐኪም ተጠራ። እጀ ሰፊ ሰው ነበር፤ ከፈረስ ጋር ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ፈረሱ ዳነ፣ ሐኪሙ ግን መምጣቱን አልተወም። አንድ ቀን በጋጣው በር ላይ «ብጠይቅሽ እሺ ትይኛለሽ?» አላት። እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ እናቴን ልንገራት ብላ ገባች።

እናትየዋ አልተቆጣችም። ሹራቧን እየሠራች «ልጄ፣ ጠባቂ እኮ አታገባም» አለቻት። «ከጥንት የመጣ ሕግ ነው። አክስትሽን አላየሻትም?»

አክስቲቱ በዚያው ዓመት ሞታ ነበርና የምትጠየቅ አልነበረችም። ልጅቷ ጥቁር ልብሷን አሰበች፣ ብቻዋን የምታድርበትን ክፍል አሰበች። እውነትም አይታታለች። ደግሞም እናቷ «ልጄ» ያለቻት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ትዝ አይላትም። ሐኪሙ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ሰማትና «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ ሄደ። በኋላ መድኃኒት ቀማሚዋን አገባ። አሁን የልጅ ልጆች አሉት፣ ወፍሯል፣ ገበያ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን ያነሳላታል።

ጠባቂዋ በዚህ ነገር ስታለቅስ የታየችበት ጊዜ የለም። ሌላው ሁሉ ቅጥፈት ቢሆን ይህች ሕግ እውነተኛ ናት፣ ከእኔ በፊትም ሴቶች ዕድሜያቸውን ሰጥተውባታል ብላ ነው የኖረችው። ደረጃው ላይ የአክስቲቱ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ርግቧ ደረቷ ላይ ተዘቅዝቃ። ትከሻዋ ላይ የሆነ ሰው እጅ አርፏል፤ ከእጁ ወዲያ ፎቶው ተቆርጧል። ጠባቂዋ አስተካክሎ ያስቀመጣት የፎቶ አንሺው ረዳት ይሆናል ብላ ገምታ ትታዋለች። መስታወቱን በወለወለች ቁጥር «ሁለታችን» ትላታለች በሆዷ። ይህች ቃል ነበረች የምታቆማት።

የሳሙናው ሰውዬ አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ወገቧን ይዛ ቆማ አያት። «እትዬ፣ ከሱቄ በላይ ያለው ክፍል ባዶ ነው። ፀሐይ ይገባዋል። ሲደክምዎ መጥተው ቢያርፉበት» አላት።

«ሳሙና ላይ ልተኛ?» አለችው። ከአፏ የወጣው የእናቷ ድምፅ ነበር። ሰውየው ለራሱ ፈገግ ብሎ ወጣ፤ ሁለተኛ አልጠየቃትም።

በዚህ ዓመት አልጋ ወራሹ ርግቧ ትሸጥ አለ። የጨረታ ቤቱ ገማች በስልክ የተናገረው ግን አልጣመውም። ድንጋዮቹ ትንንሽ ናቸው፣ ደመና አለባቸው፣ እንዲህ ያለ ጌጥ የሚሸጠው በታሪኩ ነው፤ ታሪኩን ልስማ አለ። ታሪኩ ደግሞ ያለው በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠባቂዋ «እቴትዬ» ተባለች። ወንድሟ ስኒ ከፊቷ አነሳላት፤ የት እንደሚቀመጥ ስለማያውቅ መልሶ እዚያው አኖረው እንጂ።

ገማቹ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ሽቶ የተቀባ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ፣ አጉሊ መነጽር በደረቱ ያንጠለጠለ። የሳሙናው ሰውዬ ጠረጴዛውን ከጓዳ ተሸክሞ አስገባ፣ ወንበሮቹን ደረደረ፣ የሚንገጫገጨውን እግር በወረቀት ደገፈ። ሊቀመጥ ሲል ሚስቱ አየችው።

«እንግዳው፣ ታሪክ ሊተረክ ነው» አለችው።

«አዎ፣ ረሳሁት» ብሎ ወጣ። ገማቹም ከዘር ውጭ ነው። ነገር ግን ገና የሚመጣ ገንዘብ ከመጣ ገንዘብ ይከበራልና እሱ ተቀመጥ ተባለ።

ጠባቂዋ ርግቧን ከሳጥኑ አውጥታ ጨርቅ ላይ አስተኛቻትና ጀመረች። ዋሻውን ተረከች፣ ርኅራኄውን ተረከች፣ ድሆቹን አበላች። ድምጿ ከልምድ የተነሳ ሳትጠይቀው ራሱ ይሄዳል። ገማቹ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ እየቀዳ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል፤ አንድ ጊዜም ማዛጋቱን በጓንቱ ሸፈነ። እሷም እየናቀችው፣ ወንድሟን እየናቀች፣ ርግቧን እየናቀች ወደ መጨረሻው ደረሰች።

«ጠባቂዋም ስለ ርግቧ ክብር ባል አታገባም» አለች። እዚህ ጋ ድምጿ ተለወጠ፤ ይህችን ስትል ሁልጊዜ ከልቧ ነው።

ገማቹ ነቃ አለ። «ይቺ ጥሩ ናት። ከመቼ ጀምሮ ነው ሕጉ?»

«ከመጀመሪያው ንጉሥ ጀምሮ ነዋ!» አለ አልጋ ወራሹ።

ታላቅየዋ እህት ብስኩት እየነከሰች ሳቀች። «ኧረ አትቀባጥር አንተ ልጅ! ኋላ ተጣርቶ መሳቂያ እንዳታደርገን። ይቺን ተዋት። ይቺ የእማዬ ናት።»

«የእማዬ ማለት?» አለች ጠባቂዋ።

«ያ የከብት ሐኪም የመጣ ጊዜ ያወጣቻት ናታ።»

ጠባቂዋ የእህቷን ሳቅ ጠበቀች፤ እህቷ ግን ቀልድ አለመሆኑን በሚያስረዳ ሁኔታ ሌላ ብስኩት አነሳች።

«አክስትስ?» አለች ጠባቂዋ። «አክስት አላገባችም።»

«አንቺ ደግሞ! ሁለት ባል ቀብራ አይደል እንዴ? ሁለተኛው የባንድ መሪ ነበር፣ ጥሩምባ ነፊ። እሱ ሲሞት አንቺ ጡት ትጠቢ ነበር፤ እኔ ትዝ ይለኛል፣ ከረሜላ ይሰጠኝ ነበር። እስክትሞት ጥቁር የለበሰችው ለማን መሰለሽ? ፎቶዋ ላይ እጁ አለ እኮ። አያታችን ናቸው በመቀስ ያስቆረጡት፤ እጁንም ይቁረጡት ቢሉ ትከሻዋ አብሮ ሊሄድ ሆነ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስሙ አይነሳማ!» አለች እህቷ፣ በእውነት ተገርማ። «ደግሞ የምታውቂ መስሎኝ። ሰውየውን ስላልፈለግሽው በእማዬ ያመካኘሽ ነበር የመሰለኝ።»

ከዚያ አልጋ ወራሹ ጉሮሮውን ጠርጎ «ያለፈ ነገር ነው። እቴትዬ፣ ቀጥዪ እንጂ፣ ሰውየው ይቸኩላል» አለ።

ፎቅ ላይ ደወሉ ጮኸ። ጠባቂዋ ተነሳች። እግሯ ነው የተነሳው፤ እሷ ገና ወንበሩ ላይ ነበረች።

ደረጃው መሐል ላይ ፎቶግራፉ ፊት ቆመች። ያ እጅ ሰፊ ነው። የቀለበት ጣቱ ላይ ቀለበት አለ። በየሳምንቱ የወለወለችው ቀለበት ነው። እጁ አስተካክሎ የሚያስቀምጥ ሰው እጅ አይደለም፤ የሚወዱት ሰው ትከሻ ላይ ያረፈ እጅ ነው፣ ዕውር እንኳ ዳብሶ ያውቀዋል። አክስቲቱ ሬዲዮ ማርሽ ሲጫወት ዓይኗን ጨፍና «እሱ ይቺን ይወዳት ነበር» ትል ነበር። ጠባቂዋ ልጅ ሆና እግዜርን ማለቷ መስሏት ነበር፤ እግዜር ጥሩምባ ይወዳል እንዴ ብላ ተገርማ ነበር። የንጉሡን ቅሌት፣ የንግሥቲቱን ቅሌት፣ የውሻውን ሆድ ሳይቀር የነገረቻት ሴት የራሷን ባል ስም ሳታነሳ ሞተች። ሁሉም ለእነዚህ ሰዎች ሕግ ሲባል።

እናትየዋ ትራስ ላይ ተደግፋ በሩን ትጠብቅ ነበር። «ዘገየሽ። ትራሱን ገልብጪልኝ፣ ሞቀኝ።»

«እማዬ፣ ጠባቂ አታገባም ያሉኝ ውሸት ነው?»

«እ?»

እናትየዋ የሚጠቅማትን ብቻ የሚሰማ ጆሮ ነበራት። ጠባቂዋ ጎንበስ ብላ ደገመችላት። አሮጊቷ ብዙ አላሰበችም። አላፈረችም።

«ታዲያ አንቺ ብትሄጂ ማን ይነሳልኝ ነበር?» አለች። መልስ እንዳለው ጥያቄ ነው የጠየቀቻት። «ታላቅሽ ሰነፍ ናት። ወንዱ ወንድ ነው። አንቺ ስትጠሪ ትነሺያለሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ።»

«ሠራተኛ ይቀጠር አልነበረም?»

«ሠራተኛማ ባዳ ናት» አለች እናትየዋ። «ትራሱን።»

ጠባቂዋ ትራሱን ገለበጠች። እጇ ይህን ሲሠራ አየችውና ከምንም በላይ በእጇ ተናደደች። እናቷን ጠላቻት፤ አዎ፣ አልጋው ላይ እንዳለች፣ እንደዚያ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ፣ ጠላቻት። ንቀቷ ግን በእናቷ አላለቀም፤ ተርፎ ወደ ራሷ ዞረ። ሁሉን ውሸት ለይታ የምታውቅ ብልህ! የሽፍታውን ውሸት፣ የአልባሿን ውሸት፣ የውሻውን ውሸት ስትስቅበት ኖራ፣ ዕድሜዋን የበላችውን አንዷን ውሸት ግን እንደ ጸሎት ደገመቻት። ያቺ አልባሽ እንኳ ዓይኗ ደክሞ ነው የተሳሳተችው።

ወርዳ ተቀመጠች። ገማቹ ስልኩን ሊያነሳ ነበር።

«ይተዉት፣ ይቅዳ» አለችው። «እስካሁን የነገርኩዎት የሚተረከው ነው። የሆነውን ደግሞ ልንገርዎ።»

ነገረችው። ባልቴቲቱን፣ ቢላውን፣ ሳሙናውን ነገረችው። አልባሿን ነገረችው፣ የተገለበጡትን ቢራቢሮዎች ነገረችው። ውሻውን፣ ሚኒስትሮቹን፣ አጥሩን ነገረችው። ልብ ብላ፣ አንድም ነገር ሳታስተርፍ፣ ርግቧን ከነክንፏ አፈር ልታስግጣት ነው የነገረችው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማንም ለዚህች ወፍ ሳንቲም አያወጣም ብላ ነው። አልጋ ወራሹ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ገረጣ፣ ከዚያ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ «እቴትዬ! እቴትዬ!» ይል ጀመር።

ገማቹ ግን ጓንቱን አውልቆ ነበር። ዓይኑ በርቷል። «ይሄ እኮ ወርቅ ነው!» አለ። «ዋሻውን ማን ይገዛዋል? ዋሻ በየቤቱ አለ። ውሻው ግን! ክቡርነትዎ፣ በዚህ ውሻ ብቻ ዋጋዋ እጥፍ ይሆናል።»

የአልጋ ወራሹ መልክ ተመለሰ። አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀበትም። «ውሻው እኮ የአያቴ ነው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ዘሩም እንዲህ ተራ አልነበረም።»

«ሽፍታውም ቢሆን ጀግና ነበር» አለች ታላቅየዋ እህት።

ጠባቂዋ አየቻቸው። ማፈር የማይችል ሰው ምን ይደረጋል? ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። እውነቱን አውጥታ ፊታቸው ላይ ብትደፋው ተለቃለቁበት።

ገማቹ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ድምፁን አለሳለሰ። «ልዕልት፣ የእርስዎ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የመጨረሻዋ ጠባቂ፣ በሐሰተኛ ሕግ የቀረ ፍቅር። የጨረታ ካታሎጉን በዚህ ነው የምከፍተው። ያ የከብት ሐኪም በሕይወት አለ?»

«አለ እንጂ!» አለች እህቷ። «ገበያ ላይ እኮ ነው የምናየው። ወፍሯል እንጂ ለፎቶ አያስከፋም።»

«ስሙን ቢሰጡን አግኝተን እናነጋግረዋለን።»

«ንገሪው እንጂ እቴትዬ» አለ አልጋ ወራሹ ተንጠራርቶ። «ማን ነበር ስሙ?»

ያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ስም ጠየቀ። ጠባቂዋ ስሙን አልረሳችውም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ጮክ ብላ ስላላለችው አፏ ውስጥ እንዳለ አለ። ገበያ ላይ ባርኔጣውን የሚያነሳው ሰው፣ ሚስቱና የልጅ ልጆቹ፣ ውሻውና ሽፍታው መሐል በአንድ ወረቀት ላይ ታትመው ታዩዋት።

«በዚህ ቤት» አለች፣ «ከዘር ውጭ የሆነ ሰው ስሙ አይነሳም።»

«እቴትዬ፣ አሁን እኮ...»

«አይነሳም አልኩ። እናንተ ናችሁ ያወጣችሁት። የኔንም ከካታሎጋችሁ አውጡ።»

ከአንገቷ ላይ ክሩን ሳበች፤ ያረጀ ነበርና ተበጠሰ። ቁልፉን የወንድሟ ቀዝቃዛ ሻይ ውስጥ ጣለችው። ፎቅ ላይ ደወሉ እንደገና ጮኸ። ሦስቱም ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና እሷን አዩ።

«እየጠራችሽ ነው» አለች እህቷ።

«አልጋ ወራሹ አለ አይደል? ይውጣ» አለች ጠባቂዋ።

ወጥታ ከደረጃው ላይ የአክስቷን ፎቶግራፍ አወረደች። ሌላ ምንም አልያዘችም። ደወሉ እየጮኸ ነበር፤ እግሯ በየጩኸቱ ወደ ፎቁ ልውጣ ይል ነበር፤ እሷም በግድ ወደ በሩ ወሰደችው። ከኋላዋ ወንድሟ «ምን ፈልጋ ይሆን?» ሲል ተሰማ። ማንም አልመለሰለትም፤ የሚያውቅ አልነበረማ።

የሳሙናው ሰውዬ ግቢው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ የመኪናውን መስታወት ይወለውላል። ታሪኩ እስኪያልቅ ሲወጣ ሁልጊዜ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ የዚያ መኪና መስታወት ከዘውዱ ታሪክ ይልቅ ንጹሕ ነው። ጠባቂዋ ፎቶግራፉን በብብቷ ይዛ የበሩ ደረጃ ላይ ቆመች። ፀሐይ የሚገባውን ክፍል አሰበች። እሷም «እንግዳው» ስትለው መኖሯን አሰበች።

ስሙን ታውቀዋለች። በየሳምንቱ የምትቀድደው የሳሙና መጠቅለያ ላይ በትልቁ ተጽፏል። በአፏ ግን ብላው አታውቅም። ጮክ ብላ በስሙ ጠራችው።

ሰውየው ጨርቁን እንደያዘ ዞረ። አያት፤ ከዚያ ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላው ተመለከተ።